የመድረክ አልባሳት ዲዛይን ለመማር ማን ይከፍልልኛል?

ጥያቄ፦ «የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። በቴአትር ጥበባት ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ፒያሳ እናቴ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ፤ አልፎ አልፎም ለአማተር የቴአትር ክበቦች አልባሳት እሰፋለሁ። የመድረክ አልባሳት ዲዛይን ውጭ ሄጄ መማር እፈልጋለሁ። ኢንተርኔት ላይ የኮስቲዩም ስኮላርሺፖች ረጅም ዝርዝር አግኝቼ ለሦስቱ ልጽፍ ነው፦ ለስቴላ ብለም፣ ለፓተርንስ ኦፍ ፋሽን እና ለሊንበሪ። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ደግሞ ሰማንያ ሺህ ብር ከከፈልኩ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚያስገኝልኝ ነግሮኛል። ጓደኛዬ ‹ለአርት ማንም አይከፍልም፣ ፋሽን ዲዛይን ብለሽ አመልክቺ› ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

ከብሩ ልጀምር። ሰማንያ ሺውን እንዳትከፍዪ። ቼቭኒንግ ለሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከት ገንዘብ አይጠየቅም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም እንዲሁ። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ እሱን ግን በቀጥታ ለእነሱ ነው የምትከፍዪው፤ አቅም እንደሌለሽ ጽፈሽ ብትጠይቂ ክፍያውን የሚተውልሽም ብዙ ናቸው። «አስገኝልሻለሁ» የሚልሽ ሰው መራጭ ኮሚቴ ውስጥ የለም። በዚህ ሙያ ደግሞ ተማሪ የሚመረጠው ሥራው ታይቶ ነው፣ ሥራሽን ደግሞ ደላላ አይሠራልሽም። በዚያ ብር ጥሩ ወረቀትና ቀለም ብትገዢ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ብትከፍዪበት፣ አንድ ተውኔት ሙሉ ልብስ ብታለብሺበት ይሻልሻል።

ወደ ዝርዝሩ ስንመጣ፣ ሦስቱም እውነተኛ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ላንቺ አይደሉም። ስቴላ ብለም የአሜሪካው የኮስቲዩም ማኅበር የሚሰጠው የጥናት ድጋፍ ነው። የማኅበሩ አባል ሆነው በሰሜን አሜሪካ የአለባበስ ታሪክ ላይ ጥናት ለሚሠሩ ተማሪዎች እንጂ ስፌትና ዲዛይን ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ፓተርንስ ኦፍ ፋሽን የእንግሊዙ የኮስቲዩም ማኅበር ሽልማት ነው። ጃኔት አርኖልድ ከጥንታዊ ልብሶች ላይ ለክታ በመጽሐፍ ካወጣቻቸው ንድፎች አንዱን መርጠው በጥንቃቄ ለሚሰፉ፣ ትምህርት ላይ ላሉ የኮስቲዩም ተማሪዎች የሚሰጥ ነው። ሊንበሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የመድረክ ዲዛይን ለሚመረቁ ወጣቶች የሚሰጥ ውድድር ነው። ሦስቱም በር ውስጥ ገብተሽ የምታገኚያቸው ናቸው፣ በሩን የሚከፍቱልሽ አይደሉም። እንደዚህ ዓይነት ዝርዝሮች ላይ «ኮስቲዩም» የሚል ስም ያላቸው ድጋፎች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ የአንድ ሴሚስተር የመጻሕፍትና የጨርቅ ወጪ ቢሸፍኑ ነው። ዝርዝሩ ላይ የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም ካየሽ እለፊው፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም።

የጓደኛሽ ምክር ግማሹ ስህተት፣ ግማሹ አደገኛ ነው። ስህተቱ «ለአርት ማንም አይከፍልም» የሚለው ነው። ይከፈላል፣ ግን በአብዛኛው ለአርት ብቻ ተብሎ ከተቀመጠ ገንዘብ አይደለም፤ ከአጠቃላይ የመንግሥታት ስኮላርሺፕ ወይም ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ነው። አደገኛው «ፋሽን በዪ» የሚለው ነው። ፋሽን ዲዛይነር ገበያ አስቦ ይሠራል፤ ልብሱ ለባሹን ማሳመር አለበት። የመድረክ አልባሳት ዲዛይነር ተውኔት አንብቦ ይሠራል፤ አንዳንዴ ተዋናዩን ሆን ብሎ ያጎሳቁለዋል፣ ኮቱን በአንድ ቁጥር ያሰፋበታል፣ ከተማ የገባ ዕለት ጫማው እንዳይመቸው ያደርጋል። መራጮቹ ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያውቁታል። ለፋሽን ጽፈሽ ልብሽ መድረክ ላይ ከሆነ ደብዳቤሽ ራሱ ያሳብቅብሻል፤ ቢሳካልሽም የማትፈልጊውን ሁለት ዓመት ትማሪያለሽ።

አንድ ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። የሚነድፈውና የሚሠራው ሰው ውጭ አገር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ዲዛይነሩ ተውኔቱን አንብቦ ይስላል፣ ቀለምና ጨርቅ ይመርጣል። ሌላው ንድፉን ወስዶ ፓተርን (የጨርቅ መቁረጫ ልክ) ያወጣል፣ ይቆርጣል፣ ተዋናዩ ላይ ይለካል፣ ልብሱ አሮጌ እንዲመስል ያደርጋል፣ ያቀልማል። ይህኛው የኮስቲዩም ቴክኖሎጂ ወይም ፕሮዳክሽን ይባላል፣ ራሱን የቻለ የማስተርስ ዲግሪ አለው። እዚህ አገር አንድ ሰው ሁለቱንም ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ማንም አይሠራውም፣ ተዋናዩ ከቤቱ ለብሶ ይመጣል። አንቺ ስፌት ቤት ውስጥ እየሠራሽ ነው። እጅሽ መቀስ ለምዷል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዪው፤ ዲዛይነር መሆን የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ኮት ከባዶ ቆርጦ ማቆም የሚችለው ግን ጥቂት ነው።

ይህ በቀጥታ ወደ አሜሪካ ይወስደናል። እዚያ በዘርፉ ትልቁ ዲግሪ ኤምኤፍኤ የሚባለው የሥነ ጥበብ ማስተርስ ነው፣ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ይፈጃል። የቴአትር ትምህርት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ብዙ ዝግጅት ስለሚያሳዩ የአልባሳት ክፍላቸው ሠራተኛ ይፈልጋል። ስለዚህ ተማሪውን ረዳት አድርገው ይቀጥሩታል፤ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ስፌት ክፍል ትሠሪያለሽ ወይም ጀማሪ ተማሪዎችን ታግዣለሽ፣ እነሱ የትምህርት ክፍያውን ይተዉልሻል፣ ወርኃዊ ክፍያም ይሰጡሻል። ይህ አሲስታንትሺፕ ይባላል። ስኮላርሺፕ ብለሽ ስትፈልጊ የማታገኚው ለዚህ ነው፤ በስኮላርሺፕ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ የትምህርት ክፍሉ ገጽ ላይ ነው ያለው። ለምሳሌ ቻፕል ሂል ያለው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በኮስቲዩም ፕሮዳክሽን ራሱን የቻለ ኤምኤፍኤ ይሰጣል፣ ተማሪዎቹም ግቢው ውስጥ ካለ ፕሮፌሽናል ቴአትር ጋር ይሠራሉ። ለእንዲህ ያሉ ክፍሎች ኃላፊ አጭር ኢሜይል ጻፊ። «ለመጪው ዓመት ስንት ተማሪ ትቀበላላችሁ? ለውጭ ተማሪ አሲስታንትሺፑ ሙሉ ክፍያውን ይሸፍናል? ክረምት ላይ ክፍያው ይቋረጣል?» ብለሽ ጠይቂ። ሦስተኛውን ጥያቄ እንዳትረሺው፤ ብዙ ቦታ ክፍያው ለዘጠኝ ወር ነው፣ ክረምቱን ተማሪው በራሱ ይወጣዋል።

የአሜሪካውን ዬል ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ላንሳው። እ.ኤ.አ. በ2021 ባለሀብቱ ዴቪድ ጌፈን 150 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ የዬል የድራማ ትምህርት ቤት ለሁሉም የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ከትምህርት ክፍያ ነፃ ሆኗል፤ የአልባሳት ዲዛይን ተማሪዎችም አሉበት። ዲግሪ ለሌለው ሰው እንኳ በሰርተፍኬት ያስተምራል፣ ትምህርቱ ያው ነው። ታዲያ ምን ችግር አለው? የሚቀበሉት ዲዛይነር በጣት የሚቆጠር ነው፣ የሚወዳደረው ደግሞ ከዓለም ዙሪያ ነው። የትምህርት ክፍያ የለም ማለት የኑሮ ወጪ የለም ማለት አይደለም፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ ድጋፍ የሚሰጡት አቅምሽን አይተው ነው። ሞክሪ፣ ግን እሱን ብቻ ይዘሽ እንዳትቀመጪ።

የቪዛው ጉዳይም አለ። የአሜሪካ ተማሪ ቪዛ ለመጠየቅ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ማን እንደሚሸፍን በወረቀት ማሳየት አለብሽ። የአሲስታንትሺፑ ደብዳቤ ይቆጠራል፣ ጉድለት ካለው ግን ልዩነቱን አንቺ ነሽ የምታሳዪው። «ሄጄ ሠርቼ እሞላዋለሁ» አይሠራም፤ በተማሪ ቪዛ ሥራ ግቢ ውስጥ ነው፣ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜም በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። የቪዛ ደንብ ደግሞ በየጊዜው እየተቀያየረ ስለሆነ ከቲክቶክ ሳይሆን ከኤምባሲው ገጽ አንብቢ።

ቼቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ወደ እንግሊዝ የሚወስድ ነው፣ የትምህርት ክፍያ፣ ኑሮና የአውሮፕላን ቲኬት ይሸፍናል። የመጀመሪያ ዲግሪና 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ ወደ ሁለት ዓመት ሥራ ማለት ነው። የበጎ ፈቃድና የትርፍ ሰዓት ሥራም ይቆጠራል፣ ስለዚህ የክበቡን ሥራ ከዛሬ ጀምረሽ በቀንና በሰዓት መዝግቢ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንዳንድ የእንግሊዝ የአርት ማስተርስ ኮርሶች 15 ወር ይወስዳሉ፣ ቼቭኒንግ ግን የሚከፍለው ከ9 እስከ 12 ወር ላለው ነው። የኮርሱን ርዝመት ሳታዪ ከመረጥሽ ፎርሙ ገና ከመነሻው ሞተ። ሌላው ደግሞ ቼቭኒንግ የሚፈልገው ጎበዝ ሰፊ አይደለም፤ ተመልሶ አገሩ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ሰው ነው። ስለዚህ «አልባሳት እወዳለሁ» ብለሽ ከመጻፍ ይልቅ ተመልሰሽ የማንን ቴአትር የአልባሳት ክፍል እንዴት እንደምታደራጂ ጻፊ። ከትምህርት በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገርሽ መኖር ግዴታ ነው፣ ይህን ሳትቀበዪ አትግቢበት።

ቱርክ ለአንቺ ጥሩ አማራጭ ናት፣ ሰው ግን ይረሳታል። የመንግሥቱ ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ወርኃዊ ገንዘብ፣ ቲኬትና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይሰጣል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆን ያስፈልጋል፣ ያ አልፎሻል፤ ለማስተርስ ግን ከ30 በታች ስለሆነ ጊዜ አለሽ። ኢስታንቡል ያለው «ሚማር ሲናን» የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የመድረክ ግንባታና አልባሳት ክፍል አለው። ትምህርቱ በቱርክኛ ነው፣ የአርት ክፍሎች ደግሞ የተሰጥኦ ፈተና ሊጠይቁ ይችላሉ። የስኮላርሺፑ ማመልከቻ በየዓመቱ ጥር ውስጥ ተከፍቶ የካቲት ውስጥ ይዘጋል። ቻይናም ቢሆን ለማስተርስ ከ35 ዓመት በታች የሆነን ሰው ይቀበላል፣ የሻንጋይ ቴአትር አካዳሚና የቤጂንጉ ማዕከላዊ የድራማ አካዳሚ የታወቁ የመድረክ ዲዛይን ክፍሎች አሏቸው፤ ግን ቋንቋው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሩሲያ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፣ ኑሮውንና ቲኬቱን ግን ቤተሰብ ነው የሚችለው። ከእናትሽ ስፌት ቤት ገቢ ይህን ማሰብ አይመከርም።

ጀርመንን የማነሳው ሌላ ዓይነት ስሌት ስለሆነ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ ግን ለምሳሌ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ድሬስደን ያለው የሥነ ጥበብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አልባሳት መሥራትን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ያስተምራል። ግን ስኮላርሺፕ ከሌለሽ ለቪዛ በተዘጋ ሒሳብ (በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ውስጥ በዓመት 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ሊጠየቅ ይችላል፣ ያንን ከየት ታመጪዋለሽ? ስለዚህ ጀርመን የሚሠራልሽ ዳአድ ከሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ስኮላርሺፕ ጋር ከሆነ ነው፤ ዳአድ ለአርት ሰዎች የተለዩ ፕሮግራሞች አሉት፣ የሥራ ናሙናም ይጠይቃል። ቋንቋውን ለመጀመር ስድስት ኪሎ የጀርመን የባህል ተቋሙ ጎተ አለልሽ፣ ከፒያሳ በእግር የሚደረስ ነው። ፈረንሳይም ሊዮን ውስጥ ኤንሳት የሚባል ጠንካራ ትምህርት ቤት አላት፣ መግቢያው ግን በውድድርና በፈረንሳይኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የትኛውንም መንገድ ብትመርጪ የሚያስመርጥሽ ፖርትፎሊዮሽ፣ ማለትም የሥራዎችሽ ስብስብ ነው። ከዚህ አካባቢ የሚላኩ ፖርትፎሊዮዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ጥፋት አለባቸው፦ የሙሽራ ቀሚስ፣ ጥለቱ የሚያምር የሐበሻ ልብስ፣ መናፈሻ ውስጥ የቆመች ሞዴል። ቆንጆ ናቸው፣ ግን ለመራጩ ምንም አይነግሩትም። እሱ የሚፈልገው እንዴት እንደምታስቢ ማየት ነው። አንድ ተውኔት ውሰጂ። ማን በየትኛው ትዕይንት ምን እንደሚለብስ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሥሪ። የቤተሰብ አልበም ፎቶ፣ ስድስት ኪሎ ካለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ወይም ከብሔራዊ ሙዚየሙ የወሰድሽውን ማስታወሻ ጨምሪ። ከዚያ ሻካራውን ንድፍ፣ ከዚያ በቀለም የተሠራውን፣ ጥግ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ተሰፍቶበት። ከዚያ የተሰፋውን ልብስ፣ የውስጡንና የጀርባውን ፎቶ። በመጨረሻ ተዋናዩ መብራት ስር ቆሞ። ሻካራውን አትደብቂ፣ የተሰረዘውም የአንቺ ሐሳብ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ተውኔቱ የአርበኞች ዘመን ነው እንበል። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ነጭ ሸማ ትገዣለሽ። መድረክ ላይ ያ ነጭ መብራቱን እየመለሰ ዓይን ይወጋል፣ የተዋናይዋን ፊት ይውጠዋል። የሚያውቅ ሰው ሻይ ቅጠል አፍልቶ ሸማውን ነከር ያደርገዋል፣ ከተመልካች ሲታይ ነጭ ነው፣ ግን አያንጸባርቅም። ሁለተኛ ትዕይንት ላይ ባርኖሱን በግማሽ ደቂቃ መቀየር ካለበት ቁልፉን ለይስሙላ ትተሽ ከሥሩ ቬልክሮ ትሰፊያለሽ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከፎቶው አጠገብ በሁለት መስመር ብትጽፊያቸው ከአሥር ሙሽራ ቀሚስ ይበልጣሉ። ለአሥራ አምስት ተዋናይ ስንት ብር እንደነበረሽና በምን እንዳብቃቃሽውም ጻፊ፤ በትንሽ ገንዘብ መሥራት እነሱም ዘንድ ሙያ ነው።

ድክመትሽ ሊሆን የሚችለው ስዕል ነው። ስፌት የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይስል በቀጥታ ይቆርጣል። ዲዛይን ካመለከትሽ የሰው አካል መሳል መቻልሽን ያያሉ። የሚያስተምርሽ ሰዓሊ ፈልጊ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ይበቃል። ቴክኖሎጂውን ከመረጥሽ ግን ስዕሉ ያን ያህል አያስጨንቅም፣ ፓተርንሽና የስፌትሽ ጥራት ይመዘናል።

ወረቀቱን አሁን ጀምሪው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ከሆንሽ ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማግኘት ጣጣ ነው፤ ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ሬጅስትራር ደጅ ላይ መቆም አትፈልጊም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰው ሥራሽን ያየ ይሁን፣ ትልቅ ስም ያለው ሆኖ የማያውቅሽ ሰው አይጠቅምሽም። ደብዳቤው አሁን በፖስታ ታሽጎ ማህተም ተመትቶ አይላክም፣ ለእሱ ሊንክ ይላክለታል፣ እሱ ራሱ ነው የሚጭነው። የሚጽፉልሽ የተውኔት አዘጋጅ ኢሜይል የማይከፍቱ ጋሼ ከሆኑ አብረሻቸው ቁጭ ብለሽ ሊንኩን ክፈቺላቸው፣ ደብዳቤውን ግን እሳቸው ይጻፉት። በየዝግጅቱ ፖስተር ላይም ስምሽ «አልባሳት» በሚል እንዲገባ ተከራከሪ። እዚህ ከተማ የአልባሳት ባለሙያ ስም መጻፍ እንደ ቅንጦት ነው የሚታየው፣ ይህ ደግሞ በኋላ ማስረጃ አሳጥቶ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ዘንድሮ አታመልክቺ። አሁን ያለሽ ነገር ስፌት እንጂ ፖርትፎሊዮ አይደለም፤ ቸኩለሽ ብትልኪው ማመልከቻ ላይ ገንዘብና ሞራል ትጨርሻለሽ። በሚቀጥለው አንድ ዓመት ሁለት ተውኔት ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መድረክ ድረስ ሙሉ ለሙሉ አልብሺ። አንዱ ከክበብሽ ጋር ይሁን፣ ሌላው ከተቻለ ከባለሙያ ቴአትር ቤት ጋር፤ አገር ፍቅር አጠገብሽ ነው፣ ሂጂና የአልባሳት ክፍሉን በነፃ ላግዝ በዪ፣ ሰዓቱም ለቼቭኒንግ ይቆጠርልሻል። ከዚያ ቼቭኒንግ በቅርብ ዓመታት እንደሚያደርገው ሐምሌ መጨረሻ ሲከፈት ፎርሙን ሙዪ፣ የሚዘጋበትን ቀን ገጹ ላይ እዪ። ኅዳርና ታኅሣሥ ለአሜሪካ አራት ወይም አምስት ትምህርት ክፍሎች ላኪ፣ በኮስቲዩም ቴክኖሎጂ ወይም ፕሮዳክሽን፣ አሲስታንትሺፕ ያላቸውን ብቻ። ጥር ላይ ቱርክን ጨምሪ። እኔ ብሆን ትልቁን ጉልበቴን የማፈስሰው አሜሪካው አሲስታንትሺፕ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሚገዙት አንቺ ያለሽን ነገር ነው፣ እጅ።

የእንግሊዝኛ ፈተናውን አሁን እንዳትፈተኚ፤ የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ብትፈተኚው ለሁሉም ማመልከቻ ይደርስልሻል። ከዚያ በፊት የምትፈልጊያቸው ክፍሎች የዱኦሊንጎን የእንግሊዝኛ ፈተና ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ እሱ በጣም ይረክሳል።